ኢንጂነር ግርማ እንዳሉት

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያልነቀዘው የእነሱ ይሆናል። የእኔ ዝምታ ግን ስንት ዓመት ጎተራ ውስጥ ከርሞ ዱቄት ሆኗል፤ ዛሬ ላራግፈው ነው። እናንተም እንደ እኔ ድምፃችሁ ከጉሮሯችሁ ሳይወጣ የሚደክም ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር መልስ ትክክል የሚሆነው ወይ ጮክ ተብሎ ሲነገር ነው፣ ወይ ደግሞ ከፊቱ ማዕረግ ሲኖረው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን አቃቂ በሰቃ፣ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል እየተሰበሰብን ለፈተና ፊዚክስ እንሠራ ነበር። መረዳዳት እንለዋለን። መረዳዳት ማለት ሰለሞን ይናገራል፣ እኛ እንጽፋለን ማለት ነው። የሰለሞን ድምፅ የብየዳውን ማሽን ያስንቅ ነበር። አንድ ቀን ባለ ስድስት ኦም ሁለት ሬዚስተሮች በፓራለል ቢያያዙ ጠቅላላው ስንት ይሆናል የሚል ጥያቄ መጣ።

"አሥራ ሁለት!" አለ ሰለሞን። "ስድስትና ስድስት መደመር ያቃተው ኬጂ ይመለስ!"

"ሦስት ነው" አልኩ፣ ለጫማዬ የምነግር ይመስል አቀርቅሬ። "መናኸሪያ ሁለተኛ በር ሲከፈትለት ሰዉ መውጣት ይቀለዋል እንጂ..."

"ምን አለች?"

"ውሃ ጠማኝ ነው መሰለኝ ያለችው።"

ሁሉም አሥራ ሁለት ብለው ጻፉ። ፈተናው ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል፤ እንዲህ ተረዳድተን ተያይዘን ልንወድቅ ነው። ምን ላድርግ? ቤቴ ገብቼ በቴሌግራም አዲስ ስም አወጣሁ፦ ኢንጂነር ግርማ። ለፎቶ ቢጫ ሄልሜት ለጠፍኩ፤ ከሥሩ ጭንቅላት እንኳ የለም። በግሩፓችን ገብቼም ያንኑ የመናኸሪያ በር ከነሰዉ ጻፍኩት፣ "ልጆቼ" የምትል ቃል ብቻ ጨምሬ።

ግሩፑ በምስጋና ተጥለቀለቀ። ሰለሞን "እኔም ይህንኑ ስል ነበር" አለ። በማግስቱ ኢንጂነሩ የአጎቱ ወዳጅ ሆነው አገኘኋቸው። እስከ ፈተናው ድረስ ቀን ቀን ማንም ምንም አይጠይቀኝም፤ ቤቴ ስገባ ሁሉም ሁሉንም ይጠይቀኛል። አለፍን። ምስጋናውንም ምርቃቱንም ሁሉ ሄልሜቱ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማርኩ። ዲግሪዬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ተሰቅሏል፤ ምስማሩን የመታው ባለቤቴ ነው። ባለቤቴ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሰለሞን ነው። ድምፁ ለሁለታችንም ይበቃል ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ስቶቭ ገዛን። ከልብስ ማጠቢያው ጋር አብሮ ሲበራ ብሬከሩ ወድቆ መብራቱን ያጠፋዋል። ሰለሞን ታዲያ የማይወድቅ ትልቅ ብሬከር ይዞ መጣ።

"ሶል፣ ሽቦው እኮ ቀጭን ነው" አልኩት። "ብሬከሩ ዝም ካለው ሽቦው ይግላል። የሚያልፈው ደግሞ በልጃችን ራስጌ ነው። ቤቱን ልታቃጥለው ነው?"

"የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ የወረቀት ነው" አለና ካቻቢቴውን አነሳ። ከዚያ ግን እጁ አመነታ። "ቆይ እስቲ፣ ለማንኛውም ኢንጂነርን ልጠይቃቸው።"

እስከ ዛሬ በየበዓሉ "እንኳን አደረሰዎ" ይላቸዋል፤ እኔም መርቄ እመልሳለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ቧንቧውን ከፈትኩ። "ልጄ፣ ብሬከሩን አትንካ። መጀመሪያ ሽቦውን በወፍራም አስቀይር። በቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ በእሳት አይቀለድም።" ልልከው ስል አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ "ሚስትህንም ስማ።"

ስወጣ ካቻቢቴውን አስቀምጦ ሽቦ የሚቀይር ሰው እየደወለ ይፈልጋል።

"ሰማሽ፣ ኢንጂነር ምን እንዳሉ?" አለና መልእክቱን በዚያ በለመድኩት ድምፁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ አነበበልኝ።

የመጨረሻዋን መስመር ግን ዘለላት።