ጋሼ ውባንተ እና የታመመው ሃርድ ዲስክ

ኮምፒውተራችሁ ሲበላሽ ሳትጠሩት የሚደርስ ጎረቤት አላችሁ? እኛ ደብረ ማርቆስ ሳለን ጋሼ ውባንተ ነበሩን። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተራችን ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ አልነሳ አለ። ባለቤቴ ሰኞ የምታስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚያው ላይ ብቻ ነው። እሷ ማልቀስ ስትጀምር ጋሼ የራሳቸውን ኮምፒውተር ተሸክመው ደረሱ። ጆሯቸውን የእኛው ላይ ለጥፈው አዳመጡና፣ "ጣር ላይ ነው፤ ግን ሳይናዘዝ አይሞትም" አሉ።

ዲስኩን ፈትተው ከራሳቸው ማሽን ጋር አገናኙት። ጽሑፉ እየተንቀራፈፈ ሲገለበጥ፣ ዲስኩ እንዳይግል በባርኔጣቸው ያራግቡለታል፤ እኛን ደግሞ "ኮቴ እያሰማችሁ አትራመዱ!" ይሉናል። ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ ያለ አስታማሚ አይታችኋል?

ወደ አሥር ሰዓት ግድም የመጨረሻው ምዕራፍ ወጣ። ዲስኩም ወዲያው ጸጥ አለ።

"ነፍሱን አትርፈናል፤ ሥጋውን ቅበሩት" አሉ ጋሼ። ከዚያ መፍቻቸውን ቀስ ብለው እየሰበሰቡ፣ "ነገስ... ሌላ የሚታይ ነገር የለም?" ሲሉ ጠየቁ።

"እንዴት ይጠፋል ጋሼ! ፕሪንተሩም አስቸግሮናል። ከቅዳሴ መልስ ይምጡ፤ ምሳም አብረን እንበላለን" አለች ባለቤቴ።

ፕሪንተሩ እንከን አልነበረበትም። እሁድ ማለዳ እኔው ተነሥቼ አንድ ብሎን አላላሁለት።