አውሮፕላኗ በጡረታ ስትሸኝ

ጡረታ የሚሉት ነገር ሰውን ጻድቅ የማድረግ ልዩ ሥልጣን አለው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ዕድሜ ልኩን "ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚለቀን?" ሲባል የኖረ አለቃ፣ በሽኝቱ ቀን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል ሲደረግለት ድንገት ታታሪ፣ ሩኅሩኅና ምትክ የማይገኝለት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሲያሙት የኖሩት አፎች ናቸው የሚያወድሱት። እኔ ራሴ ከመምህርነት ስሸኝ ስለ እኔ የተነገረውን ስሰማ፣ ሰውዬውን ለመተዋወቅ ጓጉቼ ነበር።

ይህ ወግ ለሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። በቅርቡ ቡሬ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብለን ሽሯችንን ስንጠብቅ፣ ቴሌቪዥኑ አንዲት የጦር አውሮፕላን በጡረታ ስትሸኝ አሳየን። ከሰማይ ወርዳ ምድር ላይ ያለውን ለመደብደብ የተሠራች፣ አሁን ግን ያረጀች፣ መለዋወጫ የጠፋላት ናት። አፍንጫዋ ላይ የአበባ ጉንጉን አጥልቀውላታል። ውኃ ረጭተውላታል። አንድ ባለማዕረግ "በታማኝነት አገልግላለች" አሉና ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጧት። ወዲያውም ተተኪዋን፣ ቀለሟ ገና ያልደበዘዘውን፣ አስተዋወቁን። ለካ ጡረታ የሚወጣው አውሮፕላኑ እንጂ ሥራው አይደለም።

ከጎኔ አያ አዳነ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ናቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው። የቡሬን በርበሬ ሲፈጩ ስለኖሩ ዓይናቸው ሁልጊዜ ለቅሶ ውሎ እንደመጣ ሰው ቀይ ነው። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ ያደነቆራቸው ወፍጮው ነው ብለን ነበር የምናምነው። አውሮፕላኗን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"እሷ ናት" አሉ።

"ማን?" አልኳቸው።

"ክንፏ ሥር ቦምብ ስሰቅልላት የነበርኩ እኔ ነኝ።"

ሽሮው መጣ፤ እጁን የሰደደ ግን አልነበረም። በወጣትነታቸው ወታደር እንደነበሩ እናውቃለን። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ብዙው ሰው በእግራቸው አገራቸው ገቡ፤ ወፍጮ ተከሉ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ውትድርናቸው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ያን ቀን ግን አመለጣቸው።

ቡሬ ወሬ አያድርባትም። ነገሩ ፍኖተ ሰላም ካሉት ሹማምንት ጆሮ ገባና "እንዲህ ያለ ጀግና በመካከላችን እያለ!" ተባለ። በአዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ሊሸለሙ ተወሰነ። አያ አዳነ አሻፈረኝ አሉ። ያሸነፏቸው ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ናቸው።

"አንቱ ሰውዬ፣ ስንት ዘመን ዱቄት ለብሰው ሲኖሩ ዞር ብሎ ያየዎት የለም። ዛሬ ሰው ሲያከብርዎ እምቢ ይበሉና ደግሞ ትዕቢተኛ ያስብሉን!"

ሄድን። እኔ እንደ ሚዜ ከጎናቸው ነኝ። ሚኒባሱ ማንኩሳን አልፎ ፍኖተ ሰላም ገባ። የከተማዋ ስም የሰላም መንገድ ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለአዘጋጆቹ ግን ማን በነገራቸው።

አዳራሹ ሞልቷል። አያ አዳነ መድረክ ላይ ተጠርተው እንዲናገሩ ተጋበዙ። ድምጽ ማጉያውን እንደ እባብ አርቀው ያዙት።

"እኔ አብራሪ አልነበርኩም" አሉ። "ቦምብ ሰቃይ ነበርኩ። ተሸክማ ትሄዳለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች። ስትመለስ ደስ ይለን ነበር፤ አብራሪዎቻችን በሰላም ገቡልን ብለን። የት እንዳራገፈችው አይነገረንም። እኛም አንጠይቅም።"

ተጨበጨበ። ጭብጨባው ለየትኛው ቃል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቀጥሎ ለምርቃት የተጠሩት መሪጌታ ጥበቡ ተነሡ። ከቋሪት በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አዘጋጆቹ ያመጧቸው ደህና አድርገው ስለሚመርቁ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስበው አይደለም። እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። ከዚያ ወደ አያ አዳነ ዞሩ።

"እርስዎ ስትሄድና ስትመለስ ነው ያዩዋት" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ስትደርስ አይቻታለሁ።"

የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡና ቀጠሉ።

"በዚያ በጦርነቱ ጊዜ የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወንዝ ወርጃለሁ። ጓደኞቼ ከዋንዛው ሥር፣ ከየኔታ ዘንድ ናቸው። ድምጿን ሲሰሙ ወጡ። እንዲህ ዝቅ ብላ አይተዋት አያውቁም። ኩታቸውን እያውለበለቡ ሰላም ሲሏት ከታች ሆኜ አየኋቸው። አለፈች። ዞራ መጣች። ጉባኤው በዚያው ተፈታ።"

ጉባኤ ተፈታ የሚባለው ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ሲበተን ነው። የኔታም ተማሪዎቹም በዚያ ቀን መሞታቸውን ለመረዳት ግን ቅኔ የተማረ ሰው አላስፈለገም።

"እንግዲህ ዐረፈች ብላችሁናል" አሉ መሪጌታ። "እውነት ዐርፋ ከሆነ እኛንም ያሳርፈን። አሜን በሉ።"

ሰሙን የሰማው አሜን አለ። ወርቁን የሰማው አቀረቀረ። የመድረክ መሪው ፈጠን ብሎ "ለድንቅ ቅኔያቸው" አመሰገነና ሙዚቃ አስከፈተ። በዚያ ሙዚቃ መሀል አያ አዳነ እንደ ግንድ ደርቀው እንደቆሙ ጋቢ አለበሷቸው።

ከአዳራሹ እንደወጣን አያ አዳነ በሩ ላይ መሪጌታን አስቆሟቸው።

"መቼ ነበር፣ መሪጌታ?"

መሪጌታ ወሩንም ዓመቱንም ነገሯቸው። አያ አዳነ ዓመቱን በጣታቸው ቆጠሩ።

"ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበርኩ። እኔ የሰቀልኩት ነው አልል፣ አይደለም አልል።"

"እኔም አላውቅም። ሁለታችንም ሳናውቅ እንሞታለን።"

"ሄጄ ልንገራቸው፤ የሟቾቹ ወገኖች ይወቁኝ።"

"ይምጡ" አሉ መሪጌታ። "በየዓመቱ ለሚደረገው መታሰቢያቸው ይምጡ። መናገሩን ግን ይተዉት።"

"ለምን?"

"ለእርስዎ ይቀልልዎታል። እነሱ ይዘውት ይቀራሉ።"

ቡሬ በዚህ መሀል ጀግና አገኘች። ቦምብ ሰቃዩ አውሮፕላን አብራሪ ሆነው ለመውጣት ብዙ ቀን አልፈጀም፤ በርበሬ ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ "ካፒቴን" ይላቸው ጀመር። መጀመሪያ ያርሙ ነበር። ኋላ ተዉት። እትዬ ስንዱ ኮርተዋል፤ ባላቸው ሌሊት እንደማይተኙ ግን ለእኔ ብቻ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ ምርጥ ስንዴ መርጠው በገዛ እጃቸው ፈጩ። ዱቄቱን አስጭነን ሄድን። መንደሯ ከገበዝ ማርያም ማዶ ናት፤ ስሟን ባልጠራው ምንም አይጎድላችሁም። ዋንዛው የለም። የጉባኤ ቤቱ ቦታ ላይ ገብስ ተዘርቶበታል። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ዳስ ውስጥ ተሰበሰበ፤ መሪጌታ "ወዳጄ ናቸው፣ ከቡሬ የመጡ" ብለው ከካህናቱ አጠገብ አስቀመጧቸው። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም። የአገራችን ሰው እህል ይዞ የመጣን እንግዳ ታሪኩን አይመረምርም።

እማሆይ የሺ የሚባሉ፣ ወገባቸው የጎበጠ መነኩሲት ነበሩ። ከዋንዛው ሥር ከወደቁት ተማሪዎች አንዱ የእሳቸው አንድ ልጅ ነው። ዱቄቱን ማን እንዳመጣው ሲሰሙ እንጀራ በወጥ ጠቅልለው ወደ አያ አዳነ መጡ።

"እንዲህ ያለ ሰው አለ ለካ" አሉ። "ከዚያ ሁሉ አገር፣ የማያውቁትን ልጅ ብለው። ይጉረሱልኝ፣ አባቴ።"

አያ አዳነ አፋቸውን አልከፈቱም። ሊናገሩ እንደሆነ አወቅሁ። ወደ መሪጌታ ዞረው አዩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። የእማሆይ እጅ በአየር ላይ ቀርቷል፤ ያረጀ እጅ ነው፣ ብዙ መቆየት አይችልም።

"የልጄ ዝክር ነው እኮ" አሉ እማሆይ።

ጎረሱ። ምን ያድርጉ?

እማሆይ ግን አልተዉአቸውም። "አንድ ያጣላል" አሉና ሁለተኛ ጠቀለሉላቸው።