የፍሬቻ ምትክ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንጓዝ የሚኒባሳችን ፍሬቻ መሥራት አቆመ። በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሾፌር ገጥሞዎት ያውቃል? የእኛው አምፖል ቀየረ፣ ዳሽቦርዱን በጡጫ መታ፤ ከዚያ ከኋላው ወደተቀመጡት አዛውንት ዞረ።

«አባቴ፣ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው፤ እጅዎን በመስኮት ያውጡልኝ።»

አዛውንቱ አወጡ። ሰው አይተው ዝም ማለት ነውር ነውና፣ ከኋላችን ለመጣው የጭነት መኪና ሾፌር በእጃቸው ሰላምታ ሰጡት። እሱ «እለፍ» የተባለ መሰለው። እኛ ስንታጠፍ በግራ ሊቀድመን ወጣ። ሾፌራችን ፍሬን ረገጠ፤ የጭነት መኪናው የአዛውንቱን እጅጌ ታኮ አለፈ።

«ልጄ፣ እጄን ላስገባት ወይስ ገና ነው?» አሉ።

ፍኖተ ሰላም ያገኘነው መካኒክ አምፖሎቹ ደህና መሆናቸውን አረጋገጠ። የተቃጠለው ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸር ነበር። ለመቀየር ሰባት ደቂቃ ፈጀ።