ኩሱን የት ልድፋው?

ዶሮ ማርባት ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ኩሱን የት ነው የምትደፋው በሉት። ዝም ካለ ዶሮ የለውም ማለት ነው። ከሳቀ ደግሞ ጎረቤት የለውም።

እኔ ዶሮም አለኝ፣ ጎረቤትም አለኝ። ለዚህ ነው ብዙ የማወራው።

ሥራዬ ቬንትሌተር መጠገን ነው። ድሬዳዋ ላይ ይሄ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ራሱን ሲያመው ይሻለኛል ብሎ ይተኛል። ቬንትሌተሩ ሲቆም ግን በባጃጅ ጭኖት ይሮጣል። እንደታመመ ልጅ አቅፎት ይገባና ዛሬውኑ ድረስልኝ ይለኛል። ትምህርቴን ብዙም አልገፋሁም፣ ግን በሙቀት ወራት ከኔ በላይ የሚፈለግ ሰው የለም።

ልጆቻችን አድገው ሲወጡ ቤቱ ጭር አለ። እኔና ባለቤቴ ጽጌ ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምናወራው አለቀብን። ቬንትሌተር ሲዞር እናያለን። እሱን ደግሞ ቀን ሙሉ ሳየው ነው የምውለው። በመጨረሻ ጽጌ፣ ጓሮው ባዶውን ከሚቀመጥ ዶሮ እናርባ አለች። እሺ አልኳት። ጽጌ ሐሳብ ስታቀርብ እሺ ማለት ጊዜ ይቆጥባል።

ዶሮዎቹ መጡና ቤቱ ነፍስ ዘራ። አንዷ ትል ታገኛለች፣ የቀሩት ያባርሯታል። ሁለቱ ይጣላሉ፣ ሦስተኛዋ በመሃል ገብታ ትልዋን ትወስዳለች። ልክ እንደኛ ሰፈር ናቸው። እኔና ጽጌ በርጩማ ይዘን ከፊታቸው እንቀመጥና እናወራቸዋለን። ወሬያችን ተመለሰ። እና ዶሮዎቹን ስለ እንቁላሉ ብቻ የምንወዳቸው እንዳይመስላችሁ። እነሱ ከሄዱ እኔና ጽጌ ወደ ቬንትሌተራችን ነው የምንመለሰው።

ከሥራቸው የሚነጠፈውን ሰጋቱራ ከአንድ አናጺ ቤት ነው የማመጣው። በነፃ ነው፣ እንዲያውም ወሰድክልኝ ብሎ ያመሰግነኛል። ሲገባ እንጨት እንጨት ይሸታል፣ ደስ ይላል። ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚወጣው። ዶሮ ቀን ሙሉ ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ትበላለች፣ ኩሷን ትጥላለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ ከዚያ ሁለቱንም ሰጋቱራው ላይ አንድ ላይ ታቦካዋለች።

ይሄ እንኳን ይቻል ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የድሬን ሙቀት ዶሮ አትችለውም። አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ዘርግታ ታለከልካለች። ታዲያ ወንድማችሁ ምን ያድርግ? ሙያው ነው፣ ቬንትሌተር ገጠመላቸው። ትልቁን፣ የሆቴል የነበረውን። ዶሮዎቹ ላባቸው እየተገለበጠ ከፊቱ ተሰለፉ። ጽጌ አጨበጨበችልኝ። ነፋሱ ከዶሮዎቹ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

ነፋሱ አጥሩን ተሻግሮ ሸምሱ ቤት ነበር የሚሄደው። ሸምሱ ጎረቤቴ ነው፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴ። ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ጓደኞቹን ይሰበስብና ጫት ዘርግቶ በርጫ ይቀመጣል። የሚቅሙባት ክፍል ንጹህ ናት፣ ፍራሹ የተነጠፈ፣ ቀዝቃዛ ውሃው የተደረደረ። ጫማ በር ላይ ነው የሚወልቀው። እንግዲህ የኔ ነፋስ በመስኮት ሲገባ እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ምን ሊያስቡ ይችላሉ? እርስ በርስ ተጠራጠሩ። አንዱ ቀስ ብሎ እግሩን ሰበሰበ። ሌላው ተነስቶ ታጥቦ መጣ። ከተመለሰ በኋላም ስለሸተተ፣ ሁሉም ተራ በተራ ታጥበው መጡ አሉ። እግር አለመሆኑ የተረጋገጠው ሸምሱ ራሱ ታጥቦ ሲመለስ ነው።

ያን ቀን በር ላይ ጠራኝ። አልተቆጣም። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነው የነገረኝ።

«አቦ ወንድሜ፣ ዶሮ እኮ እወዳለሁ። ግን በሳህን ነው የምወደው።»

ቬንትሌተሩን ወደ ሌላ በኩል አዞርኩት። በዚያ በኩል ደግሞ አዴ ሙና አለች። አዴ ሙና ገበያ ላይ ጨርቅ ስትሸጥ ያረጀች፣ የሰፈሩ ሁሉ እናት ናት። አንቺ ስላት አትገረሙ። እኛ ጋ አንቱ የሚባል ነገር ሙቀቱ አቅልጦታል። እሷ እንደ ሸምሱ ጠርታ አልተናገረችም። በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አየችኝ። ይሄኛው ይበልጥ ያማል።

ጽጌ መላ አላት። ሳህን አወጣች፣ እንቁላል ደረደረች፣ ለሁለቱም ቤት ላከች። ከዚያ ሽታው ቀነሰ። እንዴት እንደቀነሰ አትጠይቁኝ፣ ኩሱ እዚያው ነበር። ብቻ ሸምሱ እንቁላሉን ከቃሪያ ጋር ጠብሶ የበላ ቀን ሰላምታው ረዘመ። በሚቀጥለው ሳምንትም ላክን። በሚቀጥለውም። አንድ ሳምንት ጽጌ ረስታ ብትቀር፣ ሸምሱ በአጥር በኩል ብቅ አለና ዛሬ ትንሽ ሸተተን ወይስ ለኔ ብቻ ነው አለ። ሳህኑ ደረሰ፣ ሽታው ሄደ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ግን እንቁላል ኩስ አያነሳም። ክምሩ እያደገ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ጋሪያቸውን ይዘው መጡና ጆንያውን ከፍ አድርገው አዩት። መልሰው አስቀመጡት። እኛ የምንጭነው ቆሻሻ ነው፣ ይሄ ቤት መሥሪያ ነው አሉኝ፣ ክብደቱን ማለታቸው ነው። ጋሪው ጎማ የለውም ብለውም ጨመሩበት። ጎማው ፊት ለፊቴ ነበር።

ወደ አሸዋው ልውሰደው ብዬ ተነሳሁ። ደረቁን ወንዝ ማለቴ ነው። አያድርስባችሁ። ድሬዳዋ ላይ ጆንያ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ምን የያዘ ይመስላችኋል? ኮንትሮባንድ ነዋ። አንዱ ከሱቅ ወጥቶ ስኳር ነው አለኝ። አይደለም አልኩት። የዱቄት ወተት ነዋ አለኝ። አይደለም አልኩት። እንግዲያስ ለኔ አትሸጥም ብሎ አኮረፈ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ እስከ መታጠፊያው ተከተለችኝ። ቅመም ከሆነ እኔ ነኝ የምወስደው፣ ለማንም እንዳታሳይ አለችኝ። የዶሮ ኩስ ነው ብዬ እውነቱን ብነግራት ሳቀች። ጥሩ ነው፣ ለሚጠይቅህ ሁሉ እንደዚያ በል ብላ መከረችኝ። እንዲህ ሁሉ ሰው እያየኝ የት እደፋዋለሁ? ተሸክሜ ወጥቼ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። አዴ ሙና ግቢዋ ውስጥ ሎሚ አላት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንግዳ ሲመጣበት እየሄደ የሚቆርጠው ሎሚ ነው። ኩስ ለተክል ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁና እኔ ላልማልሽ አልኳት። አንድ ጆንያ ሙሉ፣ ትኩሱን፣ ሥሩ ላይ ዘረገፍኩላት። አላህ ይስጥህ ብላ መረቀችኝ። ሎሚው ግን አልመረቀኝም። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ይረግፍ ጀመር። ትኩስ ኩስ እንደ እሳት እንደሚያቃጥል የሰማሁት ካቃጠለ በኋላ ነው።

አዴ ሙና አሁንም የረገፈውን ቅጠል እየጠረገች አየችኝ። የተናገረው ሸምሱ ነው። በዚህ ጊዜ እጁን ትከሻዬ ላይ አላደረገም። ሽታውን ችለናል፣ ዝንቡን ችለናል፣ አሁን ደግሞ ሎሚውን ነካህ አለኝ። ይሄ ነገር መላ ካልተበጀለት የሰፈሩን ሰው ይዤ እመጣለሁ፣ ያን ጊዜ ወይ ዶሮዎቹ ወይ እኛ አለ። ጽጌ ኩሽና በር ላይ ሆና ሰማችው። ያን ምሽት ዶሮዎቹ ፊት ተቀመጥን። ጽጌ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

የተገላገልኩት በአልዪ ነው። አልዪ ከከተማ ወጣ ብሎ ማንጎ ያለው ገበሬ ነው፣ በአህያ ጭኖ ሰፈራችን እየዞረ ይሸጣል። አንድ ቀን ማንጎ ስገዛው አህያዋ ባዶዋን ልትመለስ ነው። ኩስ ትወስዳለህ ወይ አልኩት፣ እያፈርኩ። ምን ያህል አለህ አለኝ። ክምሩን አሳየሁት። እንዲህ ደስ ብሎት ኩስ የሚያይ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ጥላ ሥር ከምሮ ካቆየው በኋላ፣ ሲበርድ ነው ለማንጎው የሚሰጠው። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ጭኖ ይሄዳል። እኔም የዶሮ ቤቱን ነቅዬ ከአጥሩ አራቅሁት፣ ከኩሽናው ኋላ ካለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር አስገባሁት። በቃ። ሽታ የለ፣ ዝንብ የለ።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ሽታው ከቀረ እንቁላሉስ ለምን ይሄዳል? ለጽጌ ነገርኳት። ክፉኛ አየችኝ። ቢሆንም ሳህኑ ቀረ። እኔ ደግሞ ሸምሱ ሰው ይዞ ይመጣል ብዬ ፈርቻለሁና በሬን ቶሎ እዘጋለሁ። አዴ ሙናን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ሰላምታ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ሆነ።

ያ ሰሞን ሙቀቱ የጉድ ነበር። አንድ እሁድ፣ ልክ ሰው ሁሉ በሚጋደምበት ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ በር የሚንኳኳው ከባድ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ስከፍት ሸምሱ ነው። ከሰዓት ከሽርጥ ሌላ ለብሶ አይቼው አላውቅም፣ ያን ቀን ሱሪና ሸሚዝ ለብሷል። ከኋላው አዴ ሙና ጥቁር ሻሽ አድርጋ። ከእሷ ኋላ የሰፈሩ ሰው።

ዶሮዎቼ አለቀላቸው አልኩ በልቤ።

ገቡ፣ ተቀመጡ። ጽጌ ውሃ አቀረበችና ወደ ኩሽናዋ ሸሸች። ሳይጀምሩኝ እኔው ጀመርኩ። ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ አልኳቸው። ሸምሱ ራሱን ነቀነቀ። ካወቅክ ጥሩ ነው፣ እንግዲህ ሰብር አድርግ፣ ቻለው አለኝ። እንዴት ብዬ ሰብር ላድርግ፣ ጽጌስ ምን ትሆናለች፣ እንደ ልጆቿ ነው የምታያቸው አልኩት። አዴ ሙና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

«ጥፋቱ የኛ ነው ልጄ» አለች። «ሸተተን፣ ሸተተን እያልን ዓይናችን በላቸው።»

ግራ ገባኝ። ማንን ነው የበላው? ሸምሱ ቀጠለ። ይሄ ሙቀት የስንቱን ሰው ዶሮ ፈጀ አለ። እኛ እኮ ወዲያው ነው ያወቅነው፣ ሽታው ጠፋ፣ ድምፃቸው ጠፋ፣ እንቁላሉም ጠፋ፣ አንተም አንገትህን ደፋህ። ደርሰን እናጽናናው እያልን አፍረን ነው የቆየነው አለ።

ለቅሶ ነው የመጡት። ለዶሮዎቼ።

ምን ልበላቸው? አልሞቱም ብል እንቁላሉ ለምን ቀረ ሊሉኝ ነው። ሞቱ ብል ደግሞ በቁማቸው መግደሌ ነው። አፌን ከፍቼ ሳለሁ ከኩሽናው ኋላ አንዷ እንቁላል ጣለችና አዋጅ አሰማች። ታውቁት የለም፣ ዶሮ አንድ እንቁላል ጥላ ከተማ የገነባች ነው የሚመስላት። ሌሎቹ ተቀበሏት። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ኩሽናው ዞረ። ጽጌ ምንም ሳታውቅ እንቁላሉን በቀሚሷ ይዛ ብቅ አለች።

አዴ ሙና እንቁላሉን አየች፣ እኔን አየች።

«ዋሪያ፣ ስስታም ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሌላ መሄጃ የለኝም። ሳህኑ ከዚያው ቀን ጀምሮ ተመለሰ። ዶሮዎቹም ቀሩልን። እንዲያውም ከኛ በላይ የነሱ ሆነው ቀሩ።

ያን ቀን ያልሳቀው ሸምሱ ብቻ ነው። ከእግሩ ሥር ያስቀመጠውን ዘንቢል በተረከዙ ወደ ኋላ ይገፋል። ዘንቢሉ ግን ተንቀሳቀሰ። ለማጽናኛ ብለው ከሰፈሩ አዋጥተው መተኪያ ገዝተው ኖሯል። መራጩ ሸምሱ ነው። አንድ ቀይ አውራ ዶሮ፣ ቁመቱ ጉልበቴ ጋ የሚደርስ። ለቅሶው ቢቀርም ስጦታ ወደ ኋላ አይመለስም ብላ አዴ ሙና ፈረደች።

አውራው ዶሮ ጎህ ሲቀድ አይደለም የሚጮኸው። ከሰዓት ነው። ሸምሱ ፍራሹን አንጥፎ ጓደኞቹን ሰብስቦ ወሬው ሲሞቅ፣ አጥሩ ላይ ይወጣና መስኮቱ ውስጥ ይጮህበታል። ሸምሱ ምን ይላል? የገዛው እሱ ነው። በቀደም ግን አልቻለም መሰለኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ ይሄ ነገር ለበዓል አይታረድም ወይ አለኝ። ይታረዳል አልኩት፣ ግን የሰፈሩ ስጦታ ነውና ሁላችንም አብረን ካልበላነው ነውር ነው። እውነት ነው አለ። እኔ ካረድኩት አንተና አዴ ሙና አትበሉም። አንበላም አለ። አንተ ካረድከው ጽጌ አትበላም። አትበላም አለ።

ሁለታችንም ቀና ብለን አየነው። አጥሩ ላይ ቆሟል። አንገቱን ዘረጋና ጮኸ።