የመሪጌታ ሁለተኛ ዓይን

አንባቢ ሆይ፣ ሥዕል ሲሥሉ ከኋላ ቆሞ የሚተነፍስ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ የውሃ ቀለምን ያለ መምህር የተማርኩ፣ በደብረ ብርሃን አቻ የሌለኝ ሰው ነኝ፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግን አላመለጥኩም።

በቀደም በበሬሳ ወንዝ ዳር ተቀምጬ እሥላለሁ። ወንዙ ጀልባ አይቶ ባያውቅም እኔ ሁለት ሰጠሁት። የፊተኛውን ጀልባ ቀዛፊ ጎረቤቴን መሪጌታን አስመስዬ፣ ፊታቸውን በጎን ሣልኩ። ለካ ከኋላዬ ቆመዋል።

“ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?” አሉ በቀስታ።

“በወዲያኛው በኩል ነው፣ መሪጌታ።”

“በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?”

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይን አላቸው፤ አንድ ዓይን የሰይጣንና የይሁዳ ነው።

“እንዲህ ሆኖ ከደረቀ ደጄን እንዳትረግጥ” አሉ መቋሚያቸውን ጨብጠው።

ከወጣትነታችን ጀምሮ አጥር የተጋራን ሰዎች ነን። ነፋሱ ደግሞ ቀለሙን እያደረቀው ነው፤ ከደረቀ አይታረምም። ብሩሼን ነክሬ ሁለተኛውን ዓይን ጉንጫቸው ላይ አሳረፍኩት።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩት። “አሁን እኔን መሰለ” አሉ።

ሥዕሉ ዛሬ ቤታቸው ተሰቅሏል። አፍንጫቸው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሁለት ዓይኖቻቸው እኛን ያያሉ። በዓለም ላይ ከእኔ በፊት እንዲህ የሣለ ሠዓሊ መኖሩን እጠራጠራለሁ።