ለቅሶ የተቀመጡት ቱሪስቶች

ሐበሻ አገር መጎብኘት አይችልም። ሐበሻ የሚችለው ሰው መጠየቅ ነው። አላምንም ካሉ ፓሪስ ደርሶ የተመለሰ ዘመድዎን ምን አየህ ብለው ይሞክሩት። ስለ ዝነኛው የብረት ማማ አንዲት ቃል አይወጣውም፤ የአክስቱ ልጅ መውለዷን፣ ሕፃኑ ቁርጥ አያቱን መሆኑን፣ ገንፎው ግን ቅቤ ትንሽ እንዳነሰው ነው የሚያወራልዎት። እኔም ብሆን ሮም ሰንብቼ ያየሁት ቅርስ ቢኖር የጓደኛዬ አማት ሳሎን ነው።

እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል ቱሪዝም አጥንቶ መገኘት ምን ያህል መከራ መሰለዎት? እኔ አጥንቻለሁ። ዲፕሎማዬ ፍራንክፈርት፣ ኒድ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ግድግዳ ላይ በክብር ተሰቅሏል፤ እኔ ደግሞ ኤርፖርት ሻንጣ እጭናለሁ። ከሙያዬ ራቅሁ አይባልም፤ ቱሪስቱን ባላውቀው ሻንጣውን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ሳምራዊት ደውላ ምክርህን እፈልጋለሁ ስትለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ሳምራዊት እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች የጓደኛዬ ልጅ ናት። የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ እየተከተለ ከተማውን በእግር የሚያስጎበኝ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ከአሜሪካ የሚመጡ ጥቁር እንግዶችን ይዛ፣ አባቶቻቸው በወታደርነት ዘመናቸው የኖሩባቸውን ሰፈሮችና ሲጨፍሩ ያመሹባቸውን ምድር ቤቶች ታሳያለች። ድርጅቱ ጉብኝቱ እዚህ ለሚኖረው ጥቁርም እንጀራ ይሁነው ብሎ፣ ምሳውን በእኛ ሰዎች ቤት ለማድረግ አስቧል። ደህና ቤት ታውቃለህ ወይ ነው ነገሩ።

አውቃለሁ እንጂ! እትዬ ጥሩወርቅ ግሪስሃይም ሰፈር ውስጥ፣ ከትራሙ ፌርማታ አለፍ ብሎ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው። ወጣቸው እጅ ያስቆረጥማል፤ ችግሩ የሚቆረጠም እጅ ይዞ የሚመጣ ሰው መጥፋቱ ነው። ዙሪያው መጋዘን ብቻ ነዋ። በጋው ሲያልቅ ቁልፉን ለባለቤቱ ላስረክብ ነው ብለውኝ ነበር። ካስረከቡ በኋላስ? ያው እንደ ድሮው ኤርፖርት ወለል ሊወለውሉ ነው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። አሁን ግን እንግዶቹ ምሳውን ከወደዱት ድርጅቱ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቡድን ሊያመጣላቸው ነው። ካልወደዱት ሌላ ቤት ይፈልጋል።

እኔም ወገቤን ታጥቄ ሥልጠና ሰጠኋቸው። ቱሪስት ደንበኛ ነው እንጂ ዘመድ አይደለም አልኳቸው። ፈገግ ይበሉ፣ የግል ጉዳይ አይጠይቁ፣ በግድ አያጉርሱ፣ ስለ ጤፍ እኔ ማብራሪያ እሰጣለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ በትዕግሥት አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ ታዲያ ሰላምም አይባሉ? አሉኝ። ሰላምማ ይባላሉ እንጂ አልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለው እንደኔ ላለው ነው። የእኛ ሰላምታ የት ላይ እንደሚያልቅ መች ነገርኳቸው?

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት እንግዶቹ ገቡ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከፊት የገባችው ዴኒዝ የምትባል ረጅም ሴት ነበረች፤ ገለባ ባርኔጣ አድርጋለች። እትዬ ጥሩወርቅ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ጀመሩ። ደህና ነሽ? ልጆች ደህና? ቤተሰብ ደህና? አባት እናት አሉልሽ? ሳምራዊትም ሥራዬ ብላ አንድ በአንድ ትተረጉማለች።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ አባቴ ግን ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው አለች ዴኒዝ። ይህችን ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሳት ኖሯል። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ሲመጣ፣ ምግብ ቤት በፊት ለፊት በር ገብቶ የበላው ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ነው፤ በተወለደበት ከተማ ጥቁር ሰው በጓሮ በር ነበር የሚስተናገደው። አብረን ሄደን እናያታለን ሲባባሉ ሞት ቀደማቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ እጇን አልለቀቁም። ስንት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች ብለሽ ጠይቂልኝ አሏት ሳምራዊትን። መልሱ ቅዳሜ ቀበርነው፣ ሰኞ ሥራ ገባሁ የሚል ነበር።

“ሰኞ!” አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔ እንደቀጠርኳት ሁሉ ወደኔ ዞረው።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ስለገባኝ ጠጋ ብዬ፣ እትዬ፣ ሰውየው ከሞቱ እኮ ዓመት አልፏቸዋል አልኳቸው። እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሞት የሚቆጠረው ከተሰማበት ቀን ነው። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው፣ አልሰማሁም ነበር ብለው ስንት ጊዜ ቆመው አላለቀሱም?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያየሁት ግድግዳ ተደግፌ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ሽሮውን ከእሳት አወረዱ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ፣ ስልክ አነሱ። የጸሎት ቤታቸው መዘምራን እዚያው ጥግ ላይ በተከራዩት አዳራሽ እየተለማመዱ ነበርና ወንበራቸውን ተሸክመው ከተፍ አሉ። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ፣ ዴኒዝም መሀል ተቀመጠች። እየመጡ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው “ጌታ ያጽናሽ” ይሏታል፤ ጎረቤት ያለው ኦርቶዶክሱ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ “እግዜር ያጥናሽ” ብሎ የራሱን አከለ። የጤፍ ማብራሪያዬ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

“ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ?” አለችኝ ሳምራዊት እጄን እየጎተተች። “ሳክሰንሃውሰን ቴርሚን አለን እኮ! የፖም ወይን ቤቱን ሬዘርቪረን አድርጌዋለሁ!”

ለቅሶ ቤት ተገብቶ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ አለኝ ይባላል?

ዴኒዝ መጀመሪያ ላይ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ለሁሉም በትሕትና አንገቷን ታነቃንቅ ነበር። አንዲት ጠና ያሉ ዘማሪ፣ አባቷ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ብለው ጠየቁ። መናገር ጀመረች። ድምፅ ሳይኖረው መዝፈን ይወድ ነበር። ዓሣ በጠበሰ ቁጥር ቤቱን ጭስ በጭስ አድርጎ፣ ጥፋቱን በምድጃው ያላክክ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ስትስቅ ቆይታ፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ባርኔጣዋን አውልቃ አለቀሰች። አንደኛው አዛውንት ወንድማቸውን አነሱ፣ ሌላዋ እናቷን አነሳች። ተርቦ የመጣ ቡድን ምሳውን ረሳው።

እኔም አለቀስኩ፣ ባለ ዲፕሎማው። አባቴ ሲሞት መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፤ በማግሥቱ ሻንጣ ስጭን ዋልኩ። ሐዘኑን የዚያኑ ቀን የተወጣሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልተወጣሁትም። ለማን ነው የምታለቅሰው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

ምሳው በመጨረሻ ቀረበና ተበላ። ሳምራዊት ሂሳብ ልትከፍል ስትል ግን እትዬ ጥሩወርቅ ተቆጡ፤ ሐዘንተኛ አስከፍዬ የት ልገባ ነው? አሉ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ የጉብኝቱ ዓላማ የአካባቢው ኅብረተሰብ ተጠቃሚነት መሆኑን ላስታውሳቸው ሞከርኩ። ሂድ ወዲያ፣ ወንበሩን መልስ! ተባልኩ። ሳምራዊት ቡድኗን ይዛ ስትወጣ ቻው እንኳ አላለችኝም። ሳክሰንሃውሰን ያለው ቴርሚን ካለፈ ቆይቷል። የእትዬ ቤት እንዳበቃለት ቆረጥኩ፤ ማታም ዲፕሎማዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በማግሥቱ የቀሩትን ወንበሮች ለመመለስ ግሪስሃይም ስደርስ፣ ቡድኑ ከነሳምራዊት በሩ ላይ ቆሟል። ዴኒዝ ከሁሉ ቀድማ፣ ከመግባቷ በፊት የፊት ለፊቱን በር በእጇ ዳሰስ አደረገችው። ከዚያ ገብታ ተቀመጠችና ለእትዬ ጥሩወርቅ አስተረጎመች፤ ትናንት ሐዘንተኛ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ርቦኛል፣ ሜኑ ይሰጠኝ። በሉ፣ ጨመሩ፣ ከፈሉ። እትዬም ዛሬስ አልከለከሉም።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። እንግዶቹ ከከተማው የትኛውን ወደዳችሁ ተብለው ሲጠየቁ አንዳቸውም ከለቅሶው ሌላ አልጠሩም አሉ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አዲስ ቡድን ለቅሶ ይቀመጣል፣ እሑድ መጥቶ ከፍሎ ይበላል። ፀጉር አስተካካዩም እሑድ እሑድ መክፈት ባይፈቀድለትም፣ እንግዶቹ ቅዳሜውኑ እሱ ዘንድ ጢማቸውን ይላጫሉ። ቁልፉም እትዬ ጥሩወርቅ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ከአማካሪነት ወደ ወንበር ተሸካሚነት ተዛውሬያለሁ።

ድርጅቱ መርሐ ግብሩ ላይ ለቅሶ ብሎ ሊጽፈው ፈልጎ ነበር። ለቅሶ ቴአትር ነው እንዴ? አሉ እትዬ። መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ የሞተበት ከሌለ አላስቀምጥም! እኔም ሰጋሁ። ግን ባሕር ተሻግሮ አባቱ የኖረበትን ቤት ሊያይ ከሚመጣ ሰው መሀል የሞተበት የሌለው ከየት ይገኛል? ለካ እነሱም እንደኛው ናቸው፤ የመጡት ሰው ሊጠይቁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ ጎረምሳ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። እትዬ ጥሩወርቅ እጁን ያዙ። አባት? በሕይወት አለ። እናት? እሷም አለች። አያቶች? በሙሉ ደህና ናቸው። አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት? ማንም አልሞተበትም። እትዬ ግራ ገባቸው፤ ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ ትክ ብለው አዩት፣ ልጁንም አዩት። በመጨረሻ እጁን ለቀቁትና ወደኔ ዞሩ።

“ይኼኛው ቱሪስት ነው” አሉኝ። “ሜኑ ስጠው።”