የክቡር ንፋሱ ስልክ

ሥራውን ቢሮ ጥሎ መምጣት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ልብስ ሰፊው ሰላም ሲልህ ትከሻህን ይለካል፤ የጥርስ ሐኪሟ ቀልድ የምታወራው አፍ ለማስከፈት ነው። የነዚህ ሁሉ ቁንጮ ግን ጎረቤቶቹ “ክቡር ንፋሱ” የሚሉት ሰውዬ ነው። ሥራው፣ የሆነ ቦታ መርዝ ሲቃጠል ጭሱ በየት በኩል አልፎ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር አስልቶ ለአደጋ ሠራተኞች መናገር ነው።

አበሳውን የሚያዩት ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። አስም ስላለባቸው ጭስ ከማንም ቀድሞ ይሸታቸዋል። የክቡርነቱ ሚስት ሽንኩርት ባሳረረች ቁጥር ስልካቸው ይጮሃል።

“እትዬ፣ ያረረ ሽንኩርት ሸተተዎት?”

“የሸተተኝ ያንተ ንዝንዝ ነው!”

“ከስንት ሰዓት ጀምሮ?” ይላል ክቡርነቱ፣ ብዕሩን አንስቶ።

ሽንኩርት በማያርበት ቀን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ የሳሙና አረፋ ይነፋል። አረፋዎቹ መንገዱን ተሻግረው በአስተማሪዋ መስኮት ፊት ቀስ እያሉ ሲያልፉ፣ አፉን ከፍቶ በዓይኑ ይሸኛቸዋል። “ምን ዓይነቱ ሥራ ፈት ነው!” ይላሉ እሳቸው፤ መጋረጃውን ግን አይዘጉም።

አንድ ጠዋት እንደገና ደወለ።

“ዛሬ ምንም አልሸተተኝም፣ ተወኝ!”

“አውቃለሁ እትዬ። የሚሸተዎት ነገ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ።”

የሁለት ቀን የእግር መንገድ ርቆ የፀረ ተባይ መጋዘን ተቃጥሎ ነበር። ባልደረቦቹ በወንዙ በኩል ያልፋል ያሉትን ጭስ እሱ ወደ ከተማው ይታጠፋል ብሎ አለቆቹን አሳመነ፤ ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ እየተነገረ ለእሳቸው ደግሞ ራሱ ደወለ። አስተማሪዋ ባለፈው ዓመት በጭስ ምክንያት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙም ሁለተኛውን እንደማይችሉት ነግሯቸዋል። ፈሩ።

በማግስቱ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ሰዓታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከጣሪያዎቹ በላይ ቢጫ ጉም ቀስ ብሎ መጣ፤ ዛፎቹም የማዶው ሰገነትም በሕልም እንደሚታይ ነገር ደበዘዙ። ማማሩ ነው ያስፈራቸው። ስልኩን አነሱ።

“ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። አሥር ደቂቃ አርፍዷል፤ ጻፈው።”

“ትንፋሽዎ እንዴት ነው?”

“አልጻፍከውም እንዴ?”

“ትንፋሽዎ እንዴት ነው፣ እትዬ?”

“ደህና ነኝ፣ ልጄ።” ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር።

ጭሱ ካለፈ በኋላ ሚስቱ አዲስ መጥበሻ ገዛች፤ ሽንኩርት ማረሩ ቀረ፤ ስልኩም ዝም አለ። ያን ነዝናዛ እንደሚወዱት ለአስተማሪዋ የገባቸው ቤቱ ጭር ሲልባቸው ነው። ሳምንት ታገሡ። ከዚያ በብርጭቆ ሳሙና በጠበጡ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ እፍ አሉ፤ ደወሉለትም።

“አንድ ትልቅ አረፋ ወዳንተ እየመጣ ነው።”

“በስንት ሰዓት ለቀቁት?”

“አሁን። በገዛ ትንፋሼ።”